መጀመሪያ ይድረቅ፦ ስለ አሮጌ የፋይበር ጀልባ የውስጥ እድሳት ጥያቄና መልስ

ባለፈው አሮጌ የፋይበር ጀልባ ስለመግዛት ከጻፍኩ ወዲህ ብዙ ጥያቄ መጥቷል። አብዛኛው ስለ ጀልባ ውስጥ ነው። ስለ ወለል፣ ስለ መቀመጫ፣ ስለ ሽታ፣ ስለ መብራት። ከባህር ዳር፣ ከዘጌ፣ ከጎርጎራና ከደቅ የጻፋችሁ አላችሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬ አቀርባለሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር። የጣና ሰው ታንኳውን ሥራ ሲጨርስ ከውሃ አውጥቶ ዳር ላይ ያደርቃታል። የተሠራችበት ደንገል ካልደረቀ ታንኳዋ ዕድሜ እንደሌላት ያውቃል። የፋይበር ጀልባ ሲሆን ግን «ፕላስቲክ ነው፣ ምን ይሆናል» ብለን ክረምቱን ሙሉ ክፍቷን እንተዋታለን። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ብዙዎቹ የመጡት ከዚህ ነው።

ወለሉ ሲረገጥ ይረግባል

«ጤና ይስጥልኝ። 6 ሜትር ገደማ የምትሆን የፋይበር ጀልባ አለችኝ። ከባህር ዳር ዘጌ ሰው አመላልስባታለሁ። መሀል ወለሏ ሲረገጥ ይረግባል። አናጢ ባማክር ‹ላዩ ላይ ሌላ ኮምፔንሳቶ ደርበን ምንጣፍ እናነጥፍበታለን፣ ግማሽ ቀን አይፈጅም› አለኝ። ይሻላል?»

አይሻልም። አናጢው በክፋት አላለውም። የቤት ወለል ቢሆን ያስኬድ ነበር። የጀልባ ወለል የሚረግበው ግን ውስጡ ስለበሰበሰ ነው። በብዙ አሮጌ ጀልባዎች ወለሉ ኮምፔንሳቶ ሆኖ ስስ ፋይበር የለበሰ ነው። ፋይበሩ አይበሰብስም። እንጨቱ ግን በአንዲት የብሎን ቀዳዳ ውሃ ከገባው አለቀለት። ውሃው መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም። ላዩ ላይ ሌላ ሲደረብበት እርጥበቱ ይታፈናል፣ ክብደት ይጨምራል፣ አዲሱ እንጨትም የሚቸነከረው በበሰበሰው ላይ ይሆናል። ጊዜ ሳይፈጅ አዲሱም አሮጌውን ይከተላል።

በመጀመሪያ ጉዳቱ እስከ የት እንደሄደ ይወቁ። በካቻቢቴ እጀታ ወለሉን በሙሉ መታ መታ ያድርጉ። ጤነኛው ቦታ ጥርት ያለ ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል። የበሰበሰው ወይም ከፋይበሩ የተላቀቀው ድፍን ይላል። ድምፁ የሚለወጥበትን መስመር በጠመኔ ያስምሩ። ከዚያ ከመስመሩ ግራና ቀኝ በ5 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ቀዳዳ ይብሱና የወጣውን ፍቅፋቂ ይዩ። ነጣ ያለና ደረቅ ከሆነ ደህና ነው። ጠቁሮ፣ ረጥቦ፣ ጣት ላይ ሊጥ ሊጥ ካለ ያ ሁሉ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ከረገበው ቦታ በጣም ሰፍቶ ይገኛል። አይደንግጡ፣ ግን መስመሩን በምኞት አያጥብቡት።

ሲቆርጡ የመጋዙን ጥልቀት በወለሉ ውፍረት ልክ ያስተካክሉ። ከስር ያለው የጀልባዋ ቀፎ፣ ማለትም ውሃ ላይ የሚያርፈው የውጭ አካሏ ነው። እሱን መጫር ሌላ ሥራ መፍጠር ነው። በዙሪያው 5 ሳንቲሜትር ያህል ጠርዝ ይተዉ። አዲሱን ወለል ሲያስሩ ያ ጠርዝ ይጠቅማል። የተቆረጠውን አሮጌ ወለል አይጣሉት። ለአዲሱ መለኪያ ይሆናል።

አሁን ዋናውን ነገር ያያሉ። ከወለሉ ስር ከፊት ወደ ኋላ የተዘረጉ፣ ፋይበር የለበሱ ተሸካሚ እንጨቶች አሉ። ለቀፎው ጥንካሬ የሚሰጡት እነሱ ናቸው። እነሱንም በድምፅና በቀዳዳ ይፈትሹ። ከበሰበሱ ሁሉንም በአንዴ እንዳያወጧቸው። ጀልባዋን በብዙ ቦታ እኩል ደግፈው፣ አንዱን አውጥተው ተክተው ካደረቁ በኋላ ወደ ሌላው ይሂዱ። ያለበለዚያ ቀፎው ይጣመማል። አንዴ ተጣሞ ከደረቀ በኋላ መመለሻ የለውም።

ሞተሩ የሚታሰርበትን የኋላ ግድግዳም በዚያው ይፈትሹ። እሱም ውስጡ እንጨት ነው። ሞተሩ ከላይ ሲገፋ ግድግዳው ከተወዛወዘ ወይም ሥሩ ላይ ስንጥቅ ካለ ሰው መጫኑን ዛሬውኑ ያቁሙ። ይህን የምለው ከልቤ ነው። ከሰዓት በኋላ የጣና ንፋስ ሲነሳ መሀል ሐይቅ ላይ ሞተር የተላቀቀበት ሰው ምን እንደሚሆን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ከዚያ ማድረቅ ነው። እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ደረቀ ብለው ያሰቡትን ቦታ በነጭ ላስቲክ ሸፍነው ዙሪያውን በፕላስተር አሽገው ያሳድሩ። ጠዋት ላስቲኩ ከውስጥ ካላበው ገና ነው። በበጋ ፀሐይና በንፋስ ብዙ ጊዜ ሳምንታት ይወስዳል።

አዲሱ ወለል 12 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ቢሆን ለእንዲህ ያለ ጀልባ ይበቃል፣ ተሸካሚዎቹ ካልተራራቁ። ሻጩ «ውሃ አይፈራም» ቢልዎ ቁራጭ ይለምኑትና ቤት ወስደው ለሰዓታት ይቀቅሉት። ንብርብሩ ከተላቀቀ ሙጫው የውስጥ ቤት ሙጫ ነው። እኛ ከፍታ ላይ ስለሆንን ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ስለዚህ ጊዜውን ረዘም አድርጉት። ከመግጠምዎ በፊት ከላይም ከታችም ሬዚን (ፋይበሩን የሚያጠነክረውን ፈሳሽ ሙጫ) ያልብሱት። ከሁሉ በላይ ጠርዙን። እንጨት ውሃ የሚጠጣው በጠርዙ ነው። ጠርዙን ሁለት ሦስት ጊዜ ያጠጡት።

ወለሉን ከቀፎው ጋር ሲያገናኙ እንጨቱ ቀፎውን በቀጥታ እንዲገፋ አያድርጉ። ጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት ይተዉና ማዕዘኑን በሬዚን በተለወሰ ስቱኮ በጣት ጎድጎድ አድርገው ይሙሉት። ፋይበር በሹል ማዕዘን ላይ ሲታጠፍ አየር ይይዛል። በላዩ ላይ ማቱን (እንደ ምንጣፍ የተነጠፈውን የፋይበር ክር) በየንብርብሩ እያሰፉ፣ በሁለቱም በኩል ወደ 10 ሳንቲሜትር እስኪደርስ ያልብሱት። የሚለበሰው ቦታ ቀለሙና ቅባቱ ወጥቶ፣ ጥሬ ፋይበር እስኪታይ በግራይንደር የተፋቀ መሆን አለበት። ቀለም ላይ የተለጠፈ ፋይበር ከቀለሙ ጋር ይላጣል።

ምንጣፉን ይተዉት። ተሳፋሪ እንዳያንሸራትት ከፈለጉ የመጨረሻው ቀለም ሳይደርቅ ንጹሕ፣ የተነፋ፣ የደረቀ አሸዋ ነስንሰው በላዩ አንድ ጊዜ ይቀቡት።

ሽታና ሻጋታ

«ከመቀመጫው ስር ጥቁር ነቁጥ ነቁጥ ሻጋታ ወጥቷል። ተሳፋሪ ስለ ሽታው ያማርራል። በረኪና ከአቼቶ ጋር ደባልቄ ላጥበው አስቤያለሁ።»

ኧረ እንዳታደርጊው እህቴ! በረኪናና አቼቶ ሲደባለቁ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ጎንበስ ብለሽ በመቀመጫ ስር ባለ ጠባብ ሳጥን ውስጥ እሱን መተንፈስ ለሳንባ አደገኛ ነው። በረኪናን አሞኒያ ካለው የመስታወት ማጽጃ ጋርም አትደባልቂ።

በመጀመሪያ በሳሙናና በውሃ እጠቢው። ለስላሳው ፋይበር ላይ ለቀረው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ተጠቀሚ። አቼቶውን ቀብተሽ አንድ ሰዓት ያህል ቆይተሽ መጥረግ ይበቃል። እንጨት ላይ በረኪና ላዩን ያነጣዋል እንጂ ሥሩ አይደርስም። ውሃ የጠጣ ስፖንጅና ምንጣፍ ከሆነ አትታገዪ፣ አውጥተሽ ጣዪው። ሽታው ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ካጠብሽ በኋላ ግን ውሃው ከየት እንደመጣ ካልደረስሽበት በወሩ ይመለሳል። ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። 1 ሚሊሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። 6 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ስፋት ያላት ክፍት ጀልባ 12 ካሬ ሜትር ገደማ ናት። በአንድ ሌሊት 30 ሚሊሜትር ቢዘንብ 360 ሊትር ውሃ ውስጧ ገባ ማለት ነው፣ 360 ኪሎ። በሐምሌ እንዲህ ያለ ሌሊት ስንት እንደሆነ የባህር ዳር ሰው አይጠየቅም። ጀልባዋን የሚያበሰብሳት ከስር ያለው ሐይቅ ይመስለናል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከላይ የሚወርደው ዝናብ ነው። የዝናብ ውሃ ጨው የለውም። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ ደግሞ በጨዋማ ውሃ ይቸገራል እንጂ እንዲህ ያለውን ውሃ ይወዳል። የጣና ጀልባ ከባሕር ጀልባ የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልገው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሸራ ይኑራት። ሸራው መሀሉ ከፍ ብሎ ውሃ የማይቋጥር፣ ጎንና ጎኑ አየር የሚያስገባ ይሁን። አጥብቆ የታሰረ ላስቲክ ሻጋታውን ያራባዋል። ከወለል ስር ባሉት ተሸካሚዎች ላይ ውሃ የሚያሳልፉ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ብዙ ጊዜ በጭቃና በቅጠል ተደፍነው ነው የሚገኙት። በሽቦ ክፈቻቸው። ውሃው ወደ ኋላ ሄዶ በመውጫው መውጣት አለበት። የመቀመጫ ሳጥኖቹን ክዳን ደግሞ ጀልባዋ በቆመች ቁጥር ክፍት ተዪው።

የሚያፈሰው የት እንደሆነ ለማወቅ፣ ውስጧ በደንብ ሲደርቅ ከየመገጣጠሚያው ስር ሶፍት ለጥፊ። አንድ ሰው ከውጭ በጎማ ውሃ ያፍስስ፣ ከታች ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ። መጀመሪያ የረጠበው ሶፍት ይነግርሻል።

ፖሊስተር ወይስ ኢፖክሲ?

«ጋሼ፣ እኔ ጋራዥ ነው የምሠራው። የመኪና ባምፐር በፋይበር እጠግናለሁ። ማድረቂያውን በዓይን ግምት ነው የምንጨምረው። ለጀልባም ያው አይደል? ደግሞ ኢፖክሲ ይሻላል የሚሉኝ አሉ።»

ባምፐር የሚጠግን እጅ ጀልባ ለመሥራት ግማሽ መንገድ ሄዷል፣ አይዞህ። የዓይን ግምቱን ግን እዚያው ጋራዥ ተወው።

ፖሊስተርም ኢፖክሲም የሬዚን ዓይነቶች ናቸው። ለተለመደው ፖሊስተር ሬዚን ማድረቂያው (ሬዚኑን የሚያጠነክረው ፈሳሽ) ከሬዚኑ ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። ለ1 ኪሎ ሬዚን ከ10 እስከ 20 ግራም ማለት ነው። ከ1 በመቶ በታች ካወረድከው የደረቀ ይመስላል እንጂ ውስጡ በደንብ አይጠነክርም። ከ2 በላይ ካደረግከው ቶሎ ይግላል፣ ይሰባበራል። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ላይ ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ወደ ዝቅተኛው ጠጋ በል፣ ወይም ጠዋት በማለዳ ሥራ። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የመሥሪያ ጊዜህ በግማሽ ገደማ ያጥራል። የወርቅ ሚዛን አያስፈልግም። ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ስሪንጅ ግዛ፣ በሚሊሊትር ለካ፣ በቂ ነው።

አንድ ጊዜ ብዙ አትበጥብጥ። ባልዲ ውስጥ የተቀመጠ ሬዚን በራሱ ሙቀት ይጨሳል፣ አልፎም ይቀጣጠላል። ሰፊና ዝርግ ሳህን ላይ ስታፈሰው ይረጋጋል። ለ1 ካሬ ሜትር 450 ግራም ማት 1 ኪሎ ገደማ ሬዚን ይሄዳል። በዚያ ልክ አዘጋጅ።

ይህን ደግሞ በትልቁ ጻፈው። አንዳንድ ቦታ ሬዚኑ ለብቻ፣ ማፍጠኛው ለብቻ፣ ማድረቂያው ለብቻ ይሸጣል። ማፍጠኛው ወይን ጠጅ መልክ ያለው ኮባልት ነው። ኮባልቱንና ማድረቂያውን በቀጥታ እንዳትደባልቃቸው፣ ይፈነዳሉ። ኮባልቱን ከሬዚኑ ጋር በደንብ ለውሰህ ስትጨርስ ብቻ ማድረቂያውን ጨምር። ማድረቂያ ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። መነጽር ሳታደርግ ክዳኑን አትክፈት። ከገባ ደግሞ ወዲያው ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ውሃ ታጥበህ ሐኪም ጋ ሩጥ።

ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ ኢፖክሲ ይሻላል ወይ? አሮጌ ፖሊስተርና እንጨት ላይ አጥብቆ በመያዝ፣ አዎ ይሻላል። ዋጋው ግን በጣም ይበልጣል። ወለሉን በሙሉ በፖሊስተር ሠርተህ ኢፖክሲን ጭንቅ ላለበት ቦታ ብታስቀምጠው አልቃወምም፣ ለኋላ ግድግዳ፣ ለእንጨት ጠርዝ፣ ለብሎን ቀዳዳ። ቅደም ተከተሉን ብቻ ጠብቅ። ኢፖክሲ በደረቀ ፖሊስተር ላይ ይይዛል። ፖሊስተር በደረቀ ኢፖክሲ ላይ በደንብ አይይዝም። ሌላው፣ የተለመደው ማት ክሮቹ የተያያዙበት ሙጫ በፖሊስተር ውስጥ ባለው ስታይሪን በተባለ ፈሳሽ እንዲሟሟ ተብሎ የተሠራ ነው። በኢፖክሲ አይሟሟም፣ ስለዚህ ለኢፖክሲ የተሸመነውን የፋይበር ጨርቅ ተጠቀም። የኢፖክሲ ማድረቂያ ደግሞ መጠኑ ፋብሪካው በጻፈው ልክ ነው። ስለጨመርክ አይፈጥንም፣ ይበላሻል።

ፖሊስተሩ ደርቆ ላዩ እጅ ላይ ከተጣበቀ አትደንግጥ። አየር የነካው ገጽ እንደዚያ ይሆናል። ለሚቀጥለው ንብርብር እንዲያውም ይመቻል። የመጨረሻው ንብርብር ላይ ግን ሰም ያለበት ሬዚን ቀባ፣ ወይም ሳይደርቅ በላስቲክ ሸፍነው።

ለመቀመጫ ኤምዲኤፍ ይሆናል?

«መቀመጫዎቹን ርካሽ በሆነ ኤምዲኤፍ ሠርቼ በሌዘር ብሸፍናቸውስ?»

አይሆንም። ኤምዲኤፍና ቺፕውድ እርጥበት ሲያገኙ ያብጣሉ፣ ከዚያ ይፈራርሳሉ። በሌዘር መሸፈኑ ጥፋቱን ይደብቀዋል እንጂ አያስቀረውም። ለመቀመጫ መሠረት ጥሩ ኮምፔንሳቶ፣ ለሚታየው ክፈፍና ለእጅ መያዣ ዋንዛ። ዋንዛ እንወደዋለን፣ ለመሥራት ይመቻል፣ መልኩም ያምራል። ቫርኒሹ ግን በየዓመቱ ይታደስ። በዚህ ከፍታ ፀሐይዋ ቫርኒሽ አትምርም።

ብሎን ስትበሳ ትንሽ ዘዴ አለች። ቀዳዳውን ከብሎኑ አስፍተህ ብሳ፣ በኢፖክሲ ሙላው፣ ሲደርቅ መሀሉን በብሎኑ ልክ እንደገና ብሳ። አሁን ብሎኑ የሚነካው ኢፖክሲን ነው፣ እንጨቱ ውሃ አያይም። ብሎኑ ስቴንለስ ይሁን። ይህችን ቸል ባለማለት ብቻ የወለል ዕድሜ በዓመታት ይረዝማል።

ስፖንጁን በተመለከተ፣ የቤት ሶፋ ስፖንጅ ውሃ ይጠጣል። እሱን የምትጠቀም ከሆነ ሽፋኑ በዚፕ የሚወልቅ ይሁን፣ ከስሩ ያለው እንጨት ደግሞ አየር የሚያሳልፍ ቀዳዳ ይኑረው። ሰፊውንም በፖሊስተር ክር እንዲሰፋው ንገረው። የጥጥ ክር ቶሎ ይበጣጠሳል።

ባለቤቴ እያከከው ነው የሚመጣው

«ባለቤቴ የጀልባ ፋይበር ሲፍቅ ይውላል። ማታ ሰውነቱን ሲያክ ያድራል። ልጆቹም ሲያቅፉት ያሳክካቸዋል። የኮሮና ማስክ ያደርጋል። ይበቃዋል?»

ይህን ስለጠየቅሽ አመሰግንሻለሁ። ሠራተኞቹ ራሳቸው የማይጠይቁት ጥያቄ ነው።

አይበቃውም። ሁለት ነገር ለይቶ መጠበቅ አለበት። አንደኛው አቧራው ነው። ሲፍቅ የሚወጣው ደቃቅ መስታወትና ፕላስቲክ ነው። ለዚያ ፊት ላይ ግጥም የሚል፣ ኤን95 ወይም ከዚያ የተሻለ ማስክ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው ሬዚን ሲቀባ የሚወጣው የስታይሪን ትነት ነው። ያ የሚከነክን ሽታ ማለት ነው። ትነትን የአቧራ ማስክ አያስቆመውም። ለጋዝ የተሠራ፣ የከሰል ማጣሪያ ያለው ማስክ ነው የሚያስቆመው። እሱም ማጣሪያው ጊዜ አለው። ማስኩን አድርጎ ሽታው ከተሰማው ማጣሪያው አልቋል። በጀልባ ሆድ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሲሠራ ትነቱ እዚያው ይጠራቀማል። ንጹሕ አየር በማራገቢያ ይግባለት፣ ብቻውንም አይሥራ። ራስ ምታትና ማዞር ከጀመረው ሥራውን ትቶ ወዲያው ይውጣ።

ለማሳከኩ ደግሞ ረጅም እጅጌ፣ አንገትና እጅጌው በፕላስተር የታሰረ ልብስ ይልበስ። ሲጨርስ አይሻሽ። በቀዝቃዛ ውሃ ይለቃለቅ፣ ከዚያ በሳሙና።  የሥራ ልብሱ ቤት አይግባ። ከልጆቹ ልብስ ጋር በፍጹም አይታጠብ። ልጆቹን የሚያቅፈው ታጥቦ ከቀየረ በኋላ ይሁን።

ስለ አቧራው አንድ ነገር ልጨምር፣ ለሁላችሁም ነው። ሐይቁ ዳር ስትፍቁ መሬቱን በሸራ ሸፍኑ፣ አቧራውን ሰብስባችሁ በጆንያ አስሩ። የተረፈ ሬዚንና የአሴቶን (የማሟሟቂያ) ጥራጊ ውሃ ውስጥ አይጣል። ሬዚኑን ማድረቂያ ጨምራችሁ አድርቁትና እንደ ቆሻሻ አስወግዱት። ዓሣውም የምንጠጣውም ውሃ ከዚሁ ሐይቅ ነው። ከዚህ የወጣው ደግሞ በዓባይ ይወርዳል።

ነጩ ፎም ቀለጠብኝ

«ከወለሉ ስር ከቴሌቪዥን ካርቶን የወጣ ነጭ ፎም ሞልቼ ሬዚን ባፈስበት እንደ በረዶ ቀለጠ። ለምን?»

ያ ፎም ፖሊስታይሪን ነው። በፖሊስተር ሬዚን ውስጥ ያለው ስታይሪን ያሟሟዋል። ቤንዚንም ያሟሟዋል፣ ጀልባ ውስጥ ደግሞ ቤንዚን አይጠፋም። ኢፖክሲ ግን አይነካውም። የሚሻለው ውሃ ቶሎ የማይጠጣ፣ ቤንዚን የማይፈራ የፖሊዩሪታን ፎም በጠንካራ ሉህ መልክ ነው።

አሮጌውን ፎም ስታወጣ መዝነው። ፎም ለዓመታት ውሃ ውስጥ ሲቆይ ይጠጣል። 100 ሊትር ውሃ የጠጣ ፎም 100 ኪሎ ነው። ጀልባዋን እንዲያንሳፍፍ የገባው ነገር ወደ ታች ይጎትታታል። ከባድ ከሆነ ይውጣ። ባዶውን ግን አትተወው። ጀልባዋ ውሃ ብትሞላ ሰው ይዛ እንድትቆይ የሚያደርጋት ይኸው ፎም ነው።

መብራትና ፓምፕ

«በቤት ኤሌክትሪክ ሽቦ መብራትና የውሃ መሳቢያ ፓምፕ ዘርግቻለሁ። መብራቱ ይደበዝዛል። ፓምፑ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም።»

የቤት ሽቦ ውስጡ አንድ ወፍራም መዳብ ነው። ጀልባ ላይ ንዝረት አለ። ከጊዜ በኋላ ይሰበራል። ብዙ ቀጫጭን ክር ያለውን ለስላሳ ሽቦ ቀይርበት፣ መዳቡ ቆርቆሮ የተቀባ ከተገኘ እሰየው። በ12 ቮልት ላይ ቀጭንና ረጅም ሽቦ ኃይሉን መንገድ ላይ ይበላዋል። የመደብዘዙ ምክንያት ይኸው ነው። ሽቦውን አወፍር፣ አምፖሎቹን ኤልኢዲ አድርግ።

በናስትሮ የተጠቀለለ መገጣጠሚያ ጀልባ ላይ አይቀመጥም። ናስትሮው እርጥበት ያስገባል፣ ከዚያ መዳቡ አረንጓዴ ይሆናል። በተርሚናል ተጨምቆ፣ በሚኮማተር ፕላስቲክ ይሸፈን። ሽቦው በሙሉ ከወለሉ በላይ፣ በጎን በኩል ከፍ ብሎ ይሂድ።

ፊውዝ አለህ? ደብዳቤህ ላይ አላየሁም። ዋናው ፊውዝ ከባትሪው አጠገብ፣ በአንድ ስንዝር ርቀት ውስጥ ይሁን። ርቆ ከተቀመጠ በመሀል ያለው ሽቦ ቢነካካ የሚያስቆመው የለም። ፓምፑ በራሱ ፊውዝ፣ ከዋናው ማጥፊያ ውጭ በቀጥታ ከባትሪው ይገናኝ። ሰው በሌለበት ሌሊት ዝናብ ሲመጣ ተንሳፋፊ ማብሪያው ያስነሳዋል።

የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። ወለል ስር ወርዶ ይተኛል። ባትሪና የቤንዚን ጀሪካን በአንድ ዝግ ሳጥን ውስጥ ካሉ ዛሬ ለያያቸው።

ቀለም

«የቤት ግድግዳ የውሃ ቀለም ለጀልባ ውስጥ ይሆናል?»

አይሆንም፣ ይላጣል። ለሳጥኖቹ ውስጥ ጥሩ የዘይት ቀለም ይበቃል። ለሚረገጠውና ፀሐይ ለሚያገኘው ባለ ሁለት ክፍል ፖሊዩሪታን። እሱን ግን በብሩሽና በሮለር ቀቡት። በመርጫ ሲረጭ ጭጋጉ ለሳንባ መርዝ ነው፣ የተለየ የአየር መሣሪያ ይፈልጋል። ከመቀባታችሁ በፊት መጀመሪያ በአሴቶን ጨርቅ ሰሙንና ቅባቱን ጥረጉ፣ የብርጭቆ ወረቀቱ ከዚያ በኋላ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ወረቀቱ ቅባቱን ወደ ውስጥ ያሸዋል። ቀለም ነጣ ያለ ይሁን። በነጭ ወለል ላይ የውሃ ፍሳሽም የቤንዚን ጠብታም ቶሎ ይታያል።

በሰኔ ልጀምር?

አትጀምር። በሰኔ አፍርሰህ ሸራ ስር አስቀምጥ፣ ንድፍህን ሥራ፣ ዕቃህን ሰብስብ። ሬዚን የሚነካው ከጥቅምት በኋላ ነው።

የአባቴን ጀልባ ልሽጥ ወይስ ላድስ?

«አባቴ ከሞተ ወዲህ ጀልባው ዳር ላይ በድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሞተሩ ተሸጧል። ወንድሞቼ ‹ሽጠው፣ ቆሻሻ ነው› ይሉኛል። እኔ ግን ማደስ እፈልጋለሁ። ገንዘቤ ትንሽ ነው። ከየት ልጀምር?»

ነፍስ ይማር። ጀልባው ለአንተ ከገንዘብ በላይ መሆኑ ገብቶኛል። ለዚህም ነው ወረቀት ላይ ሳታሰላ ማፍረስ እንዳትጀምር የምለምንህ። ተጀምረው የቀሩ ጀልባዎች ከአሮጌዎቹ ይበልጥ ያሳዝኑኛል።

ቀፎው ነው ወሳኙ። ፋይበሩ ጤነኛ ከሆነ ሌላው ሁሉ ይተካል። በድንጋይ ላይ የተቀመጠ ነው ብለሃል። ድንጋዩ የነካበትን ቦታ ከውስጥ በኩል እይ። ነጣ ያለ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ካለና በእጅህ ስትገፋው ከተለጠጠ ቀፎው እዚያ ላይ ተጎድቷል። አንድ ሁለት ቦታ ከሆነ ይጠገናል። ሆዱ በሙሉ እንደዚያ ከሆነ ግን ወንድሞችህ ልክ ናቸው። ከእሱ ላይ የእጅ መያዣውን፣ መልሕቅ ማሰሪያውን፣ አባትህ ይቀመጥበት የነበረውን ጣውላ ፈተህ አስቀር፣ ለሌላ ጀልባ ይሆናል።

ቀፎው ደህና ከሆነ ሥራውን በገንዘብህ ልክ ከፋፍለው። መጀመሪያ ድንጋዩን አንስተህ ወፍራም እንጨት በብዙ ቦታ ደግፍበት፣ አፍንጫውን ትንሽ ከፍ አድርገው፣ የኋላ መውጫውን ክፈት። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። ከዚያ ሸራ። ከዚያ ውስጡን ማውጣት፣ ስፖንጅ፣ ምንጣፍ፣ የበሰበሰ እንጨት። ይህም ጉልበት ብቻ ነው። እስከዚህ ያለውን በዚህ በጋ ከጨረስክ ጀልባው መበስበሱን ያቆማል፣ ለሬዚኑና ለኮምፔንሳቶው ገንዘብ እስክታጠራቅም ይጠብቅሃል። በቅደም ተከተል የኋላ ግድግዳ፣ ተሸካሚዎች፣ ወለል፣ መቀመጫ። ሞተር የሚገዛው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ለጊዜው ሁለት ነገር ላክልኝ። የቀፎውን ሆድ ከውስጥ፣ ድንጋዩ በነካበት ቦታ ፎቶ አንሳ። የኋላውን ግድግዳም ከውስጥ በኩል ታችኛው ጥግ ላይ በ5 ሚሊሜትር ብሳና የወጣውን ፍቅፋቂ ነጭ ወረቀት ላይ አድርገህ አንሳው። ቀዳዳውን እስከዚያ በፕላስተር ድፈነው።